ቱሳን፦ የበረሃ ከተማ ሐሩርና የግቢው ጎረቤቶች

ቱሳን በአሜሪካ አሪዞና ግዛት፣ በሶኖራ በረሃ ውስጥ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 730 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። ዙሪያዋን ተራሮች ከበዋታል፤ በመካከሏ የሳንታ ክሩዝ ወንዝ አሸዋማ መውረጃ ያልፋል። በዚህ ሸለቆ ውስጥ ሰው ማረስ ከጀመረ ከ4,000 ዓመት በላይ ሆኗል። በዓመት የሚወርደው ዝናብ ግን 30 ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። የዚያም ግማሽ ያህሉ የሚዘንበው ኢትዮጵያ በክረምት ላይ ሳለች፣ ከሰኔ መጨረሻ እስከ መስከረም አጋማሽ ነው።

የከተማዋ ሐሩር ሁለት መልክ አለው። የመጀመሪያው ከግንቦት እስከ ሰኔ መጨረሻ የሚዘልቀው ደረቁ ሐሩር ነው። ሰማዩ ደመና አያይም፤ ሙቀቱ ቀን ቀን ከ38 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ይወጣል፤ የተሰጣ ልብስ ወዲያው ይደርቃል። ሁለተኛው ዝናብ ያለበት ሐሩር ነው። ከሰዓት በኋላ ደመና ይከማቻል፣ ነጎድጓድ ይሰማል፣ ለአጭር ጊዜ የሚወርድ ኃይለኛ ዝናብም ደረቁን አሸዋ በጎርፍ ይሞላዋል። በከተማዋ ከተመዘገበው ሙቀት ሁሉ የላቀው፣ 47.2 ዲግሪ፣ የታየው እ.ኤ.አ. ጁን 26 ቀን 1990 ሲሆን ይህም በደረቁ ወቅት መሆኑ ነው። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቱሳኖች ይህን ወቅት የሚያሳልፉበት መንገድ በየዘመኑ ተለውጧል። መንገዱ በተለወጠ ቁጥርም ከቤቱ አጠገብ የሚኖሩት አራዊትና አዕዋፍ አብረው ተለውጠዋል። ቤቱ ክፍት ነው ወይስ ዝግ? ግቢው ደረቅ ነው ወይስ ርጥብ? ሰው ሌሊቱን የሚያሳልፈው ደጅ ነው ወይስ ውስጥ? ጊንጡም፣ ጉርጡም፣ ዋኔውም የሚመጡትም ሆነ የሚርቁት በእነዚህ ምክንያት ነው።

የአገሩ የጥንት ባለቤቶች ቶሆኖ ኦዳም የሚባሉት ሕዝቦች ናቸው። እነዚህ ሰዎች በአንድ ቦታ ተቀምጠው ሐሩሩን አይታገሉም ነበር። ደረቁን ወራት በተራራ ግርጌ፣ ምንጭ ወይም ጉድጓድ ባለበት መንደር ያሳልፋሉ፤ ዝናቡ ሲቃረብ ወደ ሜዳው የእርሻ መንደር ይወርዳሉ። እርሻቸው ጎርፉ ከጅረት ወጥቶ በሚንጣለልበት አፍ ላይ የተዘጋጀ ነው። በቆሎ፣ ዱባና ድርቅን እጅግ የሚቋቋመውን ቴፓሪ የተባለ አደንጓሬ የሚዘሩትም አንድ ብርቱ ጎርፍ መሬቱን ካጠገበው በኋላ ነው።

የሐሩሩ ከፍተኛ ቀናት ለእነርሱ የመከር ቀናት ነበሩ። ሳጓሮ የተባለው ግዙፍ ቁልቋል ፍሬውን የሚያበስለው በሰኔ፣ ሌላው ተክል ሁሉ በደረቀበት ጊዜ ነው። ሴቶች ከሞተ ሳጓሮ የወጡ ረጃጅም እንጨቶችን ገጣጥመው በሚሠሩት ዘንግ ፍሬውን ከላይ ያወርዱታል። ከተቀቀለው ጭማቂ ወፍራም ሽሮፕ ይወጣል፤ ከሽሮፑ ከፊሉ ይጠመቅና ዝናብ በሚለመንበት ሥነ ሥርዓት ላይ ይጠጣል። አዲሱ ዓመታቸውም የሚገባው ከዚህ ጋር ነው። ቀን የሚውሉት መስኪት በተባለ ዛፍ ምሰሶና በቅጠል ክዳን በተሠራ፣ ግድግዳ በሌለው ዳስ ሥር ነው። የመጠጥ ውኃው በሸክላ ጋን ሆኖ ዳሱ ጥላ ውስጥ ይቀመጣል። ሸክላው በላቡ ራሱን ያቀዘቅዛልና በሞቃቱ ቀንም ቀዝቃዛ ውኃ አይታጣም። ምግብ የሚበስለውም ሌሊት የሚተኛውም ደጅ ነው።

ሳጓሮው ለሰው ብቻ የሚሆን ተክል አይደለም። ሂላ የተባለው ግንደ ቆርቁር ግንዱን እየፈለፈለ ጎጆ ይሠራበታል፤ ተክሉም የቆሰለውን ቦታ በጠንካራ ቅርፊት ይሸፍነዋል። ወፉ ትቶት ሲሄድ ከድንቢጥ እምብዛም የማትበልጥ ትንሽ ጉጉት ትገባበታለች። አበባውን ሌሊት የሌሊት ወፎች፣ ቀን ነጭ ክንፍ ያላቸው ዋኔዎችና ንቦች ያዳቅሉታል። ሳጓሮው ወድቆ ሲበሰብስ ያ የደነደነ የጎጆ ቅርፊት ሳይበሰብስ ይቀራል፤ ኦዳሞችም እንደ ዕቃ መያዣ ይገለገሉበት ነበር።

ስፔናውያን በቦታው ምሽግ እንዲሠራ የወሰኑት በኦገስት 20 ቀን 1775 ነው። ቦታውን የመረጠው በስፔን ሠራዊት ያገለግል የነበረው አየርላንዳዊው ሁጎ ኦኮኖር ነበር። ከስፔን ወደ ሜክሲኮ፣ ከሜክሲኮም ጋድስደን በተባለው የ1853 ሽያጭ ወደ አሜሪካ እስክትተላለፍ ድረስ ቱሳን የጭቃ ጡብ ከተማ ነበረች። ግድግዳው ግማሽ ሜትርና ከዚያም በላይ ውፍረት ነበረው፤ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ክዳኑ ጠፍጣፋ፣ በሳጓሮ እንጨት ርብራብ ላይ አፈር የተደለደለበት ነው። ቤቶቹ ጎን ለጎን ተያይዘው በመንገዱ ጠርዝ ላይ ይቆማሉ። ግቢው ከኋላ ወይም ከመካከል ነው፤ ከመንገዱ ወደ ግቢው የሚያስገባው ሳግዋን የተባለ ሰፊ መተላለፊያ ነፋስ እየሳበ ቤቱን ያናፍሰዋል።

ወፍራም የጭቃ ግድግዳ ሙቀቱን ቀስ ብሎ ይቀበላል፣ ቀስ ብሎም ይመልሳል። ስለዚህ እኩለ ቀን ላይ ውስጡ ከደጁ እጅግ ይቀዘቅዛል፤ ሌሊት ግን ግድግዳው የያዘውን ሙቀት ወደ ክፍሉ ስለሚለቅ ደጁ ከውስጡ ይሻላል። የበረሃ ሌሊት ሰማዩ ጥርት ብሎ ስለሚያድር ምድሩ ቶሎ ይቀዘቅዛል። የቱሳን ሰው የቀን መኝታውን ከግድግዳው ውስጥ፣ የሌሊት መኝታውን በግቢ ውስጥ ወይም በጣሪያ ላይ ያደረገው በዚህ ምክንያት ነው። ከምሳ በኋላ ሱቅ ይዘጋል፣ መንገዱ ይራቆታል፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሰው ወጥቶ ደጃፉን ውኃ ይረጫል፣ ወንበር ያወጣል፣ ይጫወታል። የደረቁ ወቅት ማብቂያ መጥምቁ ዮሐንስ የሚከበርበት ጁን 24 ነበር። በዚያ ቀን ሕዝቡ ወደ ሳንታ ክሩዝ ወንዝ ወርዶ ይታጠባል፣ ፈረስ ያስጋልባል፣ ዝናቡ እንዲመጣ ይጸልያል።

ባቡር መጋቢት 1880 ቱሳን ሲደርስ ከካሊፎርኒያና ከምሥራቅ የመጡ ሰዎች የራሳቸውን የቤት አሠራር ይዘው መጡ። ቀጭን የሸክላ ጡብ ግድግዳ፣ ሹል ጣሪያ፣ ከመንገድ ራቅ ብሎ በሣር መካከል የቆመ ቤት ተስፋፋ። ይህ ዓይነቱ ቤት ለዝናባማ አገር የታሰበ ነው፤ በሰኔ የቱሳን ፀሐይ ሥር ከሰዓት በኋላ እንደ ምድጃ ይግላል። አዲሶቹ ነዋሪዎች የፈለሰፉት መላ ዙሪያውን በሽቦ ወንፊት የታጠረ የመኝታ በረንዳ ነበር። በዚያ ላይ ታጣፊ አልጋዎች ይደረደራሉ፤ አንሶላ ውኃ ውስጥ ይነከራል፣ ተጨምቆም ይለበሳል። የአልጋው እግሮች ውኃ ወይም ነጭ ጋዝ በያዙ ቆርቆሮዎች ውስጥ ይቆማሉ፤ ጉንዳንና ጊንጥ እንዳይወጣ ነው። አቅም ያላቸው ቤተሰቦች ሚስትና ልጆችን ወደ ካሊፎርኒያ ባሕር ዳርቻ ወይም ከከተማዋ በስተሰሜን ወዳለው የሌመን ተራራ ይልኩ ነበር፤ ባልየው ለሥራው ብቻውን ይቀራል። ድሃው ግን የትም አይሄድም። የቱሳን የሐሩር ታሪክ በተጻፈ ጊዜ ተራራ የወጡት ብዙ ይነሣሉ፤ ደጅ ያደሩት ግን እጅግ ይበዙ ነበር።

ደጅ የሚያድር ሰው የሌሊቱን አራዊት ሁሉ ያውቃል። ከእነዚህ የሚፈራው በዛፍ ቅርፊት ላይ የሚውለው ቢጫማ ጊንጥ ነው። እንደሌሎቹ የምድር ጊንጦች አይደለም፤ ግድግዳ ይወጣል፣ ጣሪያ ላይ ተገልብጦ ይሄዳል፣ መርዙም ለሕፃናት አደገኛ ነው። ጫማን ሳያራግፉ አለማጥለቅ፣ ልብስን ሳይገለብጡ አለመልበስ፣ በባዶ እግር በጨለማ አለመሄድ በየቤቱ ልጆች የሚማሩት ሕግ ሆነ። በአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ኸርበርት ስታንኬ የተባለ ሳይንቲስት ለዚህ መርዝ መድኃኒት ለረጅም ዓመታት ያዘጋጅ ነበር፤ ዛሬ የሚሰጠውና በሜክሲኮ የተሠራው ማርከሻ የአሜሪካን መንግሥት ፈቃድ ያገኘው በ2011 ነው።

ከሁሉ የሚደንቀው ግን ጉርጡ ነው። አካፋ እግር የሚባለው ጉርጥ በኋላ እግሩ ላይ ባለ ጠንካራ ጠርዝ አፈሩን እየቆፈረ ይገባና የዓመቱን አብዛኛውን ክፍል ከመሬት በታች ያሳልፋል። የሚቀሰቅሰው ርጥበቱ ብቻ አይደለም፤ ዝናብና ነጎድጓድ ምድሩን ሲመቱ የሚሰማው ንዝረት ነው። በመጀመሪያው ብርቱ ዝናብ ሌሊት በሺህ የሚቆጠሩ ጉርጦች ወጥተው በኩሬው ዙሪያ እንደ በግ እየጮኹ ይጣራሉ፤ በዚያው ሌሊት እንቁላል ይጥላሉ። እንቁላሉ በአንድ ቀን ገደማ ይፈለፈላል፤ ጭራ ያለው እጭ እግር አውጥቶ ከውኃ እስኪወጣ ድረስ ሁለት ሳምንት እንኳ አይፈጅም፣ ሲቸኩል ስምንት ወይም ዘጠኝ ቀን ይበቃዋል። ኩሬው ቶሎ ይደርቃልና ከዚህ በላይ ጊዜ የለም። ከእርሱ ጋር የሚወጣው ትልቁ የሶኖራ ጉርጥ ደግሞ ከቆዳው የሚወጣው መርዝ ውሻን የሚገድል በመሆኑ የዝናቡ ወራት ለውሻ ባለቤቶች የስጋት ወራት ናቸው።

በ1930ዎቹ ትልቁ ለውጥ መጣ። አሪዞና ውስጥ ሰዎች ርጥብ ጆንያ በመስኮት ላይ ሰቅለው ማራገቢያ ከኋላው ማቆም ከጀመሩ ቆይተው ነበር። ይህ ልማድ ወደ ሣጥን ተለወጠ፦ ከእንጨት የተሠራ ማዕቀፍ፣ በዶሮ ሽቦ መካከል የታጨቀ የእንጨት ፍቅፋቂ፣ ከላይ የሚንጠባጠብ ውኃ፣ ከውስጥ የኤሌክትሪክ ማራገቢያ። ደረቁ አየር በርጥቡ ፍቅፋቂ ሲያልፍ ውኃው ይተናል፤ የሚተነው ውኃ ሙቀቱን ይወስድና አየሩ ከአሥር ዲግሪ በላይ ቀዝቅዞ ወደ ቤት ይገባል። የአሪዞና ዩኒቨርሲቲ መሐንዲሶች ሣጥኑን ማንም በቤቱ እንዲሠራው የሚያስተምር ጽሑፍ አወጡ፤ ፋብሪካዎችም ተከተሉ። ዋጋው ትንሽ ስለነበር ሀብታሙም ድሃውም ገዛው ወይም ሠራው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ታጣፊ አልጋው ወደ ውስጥ ገባ፤ የመኝታ በረንዳው በግድግዳ ተዘግቶ ክፍል ሆነ።

ሣጥኑ ሁለት ጠባይ ነበረው። የመጀመሪያው በደረቁ ሰኔ ብርቱ፣ በርጥቡ ሐምሌ ደካማ መሆኑ ነው። አየሩ አስቀድሞ ርጥበት ከያዘ ውኃው አይተንምና ቤቱ ይወብቃል፣ ጨውና አንሶላ ይረጥባል። ሁለተኛው የገባው አየር የሚወጣበት መስኮት ተከፍቶ መኖር የነበረበት መሆኑ ነው። ስለዚህ ቤቱ ቀዝቅዞም ክፍት ነበር፤ የዋኔው ድምፅ፣ የጉርጡ ጩኸት፣ ከዝናብ በኋላ የሚመጣው የክሪዮሶት ቁጥቋጦ ሽታ ይገባል። ከጣሪያ ላይ ከሣጥኑ የሚፈሰው ትርፍ ውኃም በግቢው ጥግ የማይደርቅ ርጥብ መሬት ፈጠረ። ናዕናዕ ይበቅልበታል፣ ተርብ ይጠጣዋል፣ ጉርጥ ቀን ይደበቅበታል፣ ድርጭት ጫጩቶቿን ይዛ ትመጣለች። በበረሃ ከተማ ውስጥ ይህን ያህል የግቢ ሕይወት የደገፈ መሣሪያ ሌላ ማግኘት ይቸግራል።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ቤትን በጋዝ የሚያቀዘቅዘው ኤርኮንዲሽነር ተስፋፋ። እርሱ ለደረቁም ለርጥቡም ወር ይሠራል፤ ግን መስኮት መዘጋት አለበት። በ1940 ወደ 36 ሺህ ገደማ የነበረው የቱሳን ሕዝብ፣ ከተማዋ የዙሪያዋን ሰፈሮች ስለጠቀለለችም ጭምር፣ በ1960 ከ212 ሺህ በላይ ሆነ። ቀጭን ግድግዳ ያላቸው ቤቶች በረድፍ ተሠሩ፤ ግቢው በሣር ተሸፈነ፣ የሞልበሪና የወይራ ዛፍ፣ የዘንባባ ረድፍ ተተከለበት። በ1960ዎቹ መጨረሻ ለስብሰባ አዳራሽ ሲባል በመሀል ከተማ 30 ሔክታር ያህል የሜክሲኮ አሜሪካውያን ሰፈር ፈረሰ። ከሐሩሩ ጋር መኖር የቻሉት የጭቃ ቤቶች የፈረሱት ሐሩሩን በኤሌክትሪክ ማስወገድ ይቻላል ተብሎ በታመነበት ዘመን መሆኑ የሚያስቆጭ ነው። የጠፋው የግንባታ ጥበብ ብቻ አልነበረም፤ ጥበቡን የሚያውቁት ቤተሰቦችም ተበተኑ።

በዚያው ዘመን ግን የበረሃውን አራዊት መመልከት ራሱን የቻለ ሥራ ሆነ። 1952 ለዚህ ታላቅ ዓመት ነው። የአሪዞና ሶኖራ በረሃ ሙዚየም ከቱሳን በስተ ምዕራብ ተከፈተ፤ የአገሩን እንስሳትና ተክሎች በራሳቸው መኖሪያ አምሳል ያሳያል። በኒው ዮርክ የቲያትር ሐያሲና የዩኒቨርሲቲ መምህር የነበረው ጆሴፍ ዉድ ክሩች ጓዙን ጠቅልሎ ቱሳን የገባው፣ ከዚያ ቀደም ብሎ በበረሃው ባሳለፈው ዓመት ላይ የጻፈው መጽሐፍም የታተመው በዚሁ ዓመት ነው። በመጽሐፉ ለጉርጦቹ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ሰጥቷቸዋል። መርዘኛው የሂላ እንሽላሊት በአሪዞና ሕግ ጥበቃ ያገኘውም በ1952 ነው። ከዚያ በፊት በሰሜን አሜሪካ መርዛማ እንስሳ በሕግ ተጠብቆ አያውቅም። ከዚህ እንስሳ ምራቅ በተገኘ ንጥረ ነገር መነሻነት የስኳር በሽታ መድኃኒት የተሠራው ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ነው።

የግቢውን ሣር በመጨረሻ ያሸነፈው የውኃ እጥረት ነው። ቱሳን ለረጅም ጊዜ የጠጣችው ከከርሰ ምድር በተሳበ ውኃ ሲሆን፣ የውኃው ወለል እየራቀ ሄደ፤ የሳንታ ክሩዝ ወንዝም በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ዓመቱን ሙሉ መፍሰሱን አቆመ። በ1977 የከተማዋ የውኃ አገልግሎት ነዋሪዎች በሐሩር ከሰዓት በኋላ ግቢ እንዳያጠጡ ዘመቻ ጀመረ። በ1980 ግዛቱ የከርሰ ምድር ውኃ አስተዳደር ሕግ አወጣ። የሞልበሪና የወይራ ዛፍ የአበባ ብናኝ በአለርጂ ሕመም በመወንጀሉ ቱሳን ያለችበት ፒማ ካውንቲ በ1980ዎቹ ተከላውን ከለከለ። ሣሩ እየተነሣ በቦታው ፓሎ ቬርዴ፣ መስኪት፣ ሳጓሮና የበለስ ዓይነት ቁልቋል ተተከለ። ይህ ቁልቋል ለኢትዮጵያ አንባቢ እንግዳ አይደለም፤ በትግራይ በክረምት የሚበላው በለስ ከሜክሲኮ ምድር የሄደ ዘመዱ ነው። ብራድ ላንካስተር የተባለው የቱሳን ነዋሪና ጸሐፊ በሰፈሩ የመንገዱን ጠርዝ ድንጋይ ሰንጥቆ የጎዳና ጎርፍ ወደ ዛፎች ሥር እንዲገባ አደረገ። ይህ መጀመሪያ ላይ ያልተፈቀደ ነበር፤ በ2000ዎቹ ከተማዋ ሕጋዊ አደረገችው።

ተክሎቹ ሲመለሱ አራዊቱ ተከትለው መጡ። ከርከሮ የሚመስለው ሃቬሊና በመንጋ ሌሊት ግቢ እየገባ ቁልቋሉን ከነእሾኹ ይበላል፣ ቀን በጥላ ሥር ይተኛል። ሰው ሲመግበው ይደፍራል፤ ደፋር ሃቬሊና ደግሞ ይነክሳል። ለዚህም ነው በ2006 የወጣ የግዛቱ ሕግ በፒማ ካውንቲ ከወፍና ከሽኮኮ በቀር የዱር እንስሳ መመገብን የከለከለው። የበረሃ ኤሊ ከዱር አንሥቶ መውሰድ ክልክል ነው። በሰው እጅ ያደጉት ወደ ዱር ቢመለሱ በሽታ ያዛምታሉ ተብሎ ስለሚሰጋ፣ ግቢ ላላቸው ቤተሰቦች በአደራ ይሰጣሉ። ቤተሰቡ ለኤሊው ጥላ ያለው ዋሻ ይቆፍርለታል፤ እንስሳው ከአሳዳጊው በላይ ሊኖር ስለሚችል አደራው ለልጅ የሚተላለፍበት ጊዜ አለ።

የሌሊት ወፎቹ ታሪክ ከሁሉ ያስደስታል። ቱሳኖች ሃሚንግበርድ ለሚባሉት ጥቃቅን ወፎች የስኳር ውኃ የያዘ ጠርሙስ በበረንዳ ይሰቅላሉ። በነሐሴና በመስከረም ማታ ሙሉ የነበረው ጠርሙስ ጠዋት ባዶ ይገኛል፤ የሚጠጡት ከሳጓሮና ከአጋቬ አበባ የሚቀስሙት ረጅም አፍንጫ ያላቸው የሌሊት ወፎች ናቸው። ነዋሪዎች በየሌሊቱ የጎደለውን መጠን እየመዘገቡ ለግዛቱ የዱር እንስሳት ቢሮ ሰጡ፤ ይህም የሌሊት ወፎቹን ጉዞ ለማወቅ ረዳ። ዝርያው በ1988 ለመጥፋት ከተቃረቡት ተርታ ተመዝግቦ ነበር። በ2018 ቁጥሩ በማንሠራራቱ ከዝርዝሩ ወጣ፤ በአሜሪካ በዚህ ምክንያት ከዝርዝር የወጣ የመጀመሪያው የሌሊት ወፍ ነው።

ስጋቱም አልቀረም። በፍል የሚባለው ሣር በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ለከብት መኖና አፈርን ለመጠበቅ ተብሎ ወደ አሜሪካ ደቡብ ምዕራብ የገባ ነው፤ የተስፋፋው ዝርያ የተወሰደው ከኬንያ ሰሜን፣ ከቱርካና አካባቢ ነው። በአፍሪካ ቆላዎች፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ፣ የከብት ሲሳይ ነው። በሶኖራ ግን በቁልቋሎቹ መካከል ያለውን ባዶ መሬት ሞልቶ እሳት ያዛምታል፤ ሳጓሮ ደግሞ እሳት አያውቅም፣ ይሞታል። በአንጻሩ የመስኪት ዘመድ የሆነው ፕሮሶፒስ ከአሜሪካ ወደ አፋር ሄዶ የግጦሽ መሬቱን ወርሷል። በየአገሩ ጠቃሚ የነበሩ ሁለት ተክሎች ቦታ ተለዋውጠው ሁለት በረሃዎችን ጎዱ። ቱሳን ውስጥ በጎ ፈቃደኞች በየሳምንቱ መጨረሻ ተራራ ወጥተው በፍሉን ከነሥሩ ይነቅላሉ፤ ሥራው አድካሚ ነው፣ ምስጋናም ይገባዋል።

ከሁሉ የከበደው ግን የሌሊቱ መሞቅ ነው። አስፋልትና ኮንክሪት የቀኑን ሙቀት ይዘው ስለሚያድሩ ከተማው እንደ ጥንቱ አይቀዘቅዝም። በዚያው በአሪዞና ከቱሳን ዝቅ ባለ ከፍታ ላይ በምትገኘው በፊኒክስ ከተማ በ2023 ሙቀቱ ለ31 ተከታታይ ቀናት 43.3 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሆኖ ውሏል፤ 16 ተከታታይ ሌሊቶች ደግሞ ከ32 ዲግሪ በታች አልወረዱም። ፊኒክስ ባለችበት ማሪኮፓ ካውንቲ በዚያ ዓመት 645 ሰዎች በሙቀት ምክንያት ሞተዋል። መጠለያ የሌላቸው ብዙ ነበሩ፤ ቤታቸው ውስጥ ከሞቱትም በአብዛኞቹ ቤት ኤርኮንዲሽነሩ አይሠራም ነበር። በእንዲህ ያለ ሌሊት በግቢ መተኛት አያድንም። ወፍራም ግድግዳ፣ ዳስና የአገር ዛፍ ማቀዝቀዣውን አይተኩትም፤ የሚሸከመውን ጫና ግን ይቀንሱለታል። ቱሳን በ2020 የጀመረችው ዕቅድ እስከ 2030 አንድ ሚሊዮን ዛፍ ለመትከል ያለመ ሲሆን፣ ቅድሚያው ጥላ ለሌላቸውና ሙቀቱ ለሚበረታባቸው ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ሰፈሮች ተሰጥቷል።